«ያለ ክኒኑ ማን እንደሆንኩ አላውቅም»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። እስከ ስድስት ዓመቷ አዲስ አበባ ያሳደገቻት እናቴ ናት። እኛ ቀድመን መጣን፣ ትንሽ ስንረጋጋ ልጃችንን ወሰድናት።

ኮሮና ሲገባ አራተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤት ተዘጋና ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሆነ። ጠዋት ከሥራ ገብቼ ልተኛ ስል ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አያታለሁ። ካሜራውን አጥፍታ ግድግዳ ታያለች። የቤት ሥራ አትልክም። አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ እናቴ አረፈች። ቀብሯን በስልክ ነው ያየነው። ጥር 2021 ላይ መምህሯ «ልጅሽ ትኩረት የላትም፣ ብታሳያት ጥሩ ነው» አለችኝ። የሕፃናት ሐኪሟ ቀጠሮ በጣም ሩቅ ነበር። በኢንተርኔት የሚያክም ድርጅት አገኘሁ። ዶክተሯ በቪዲዮ ግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገረችን፣ «ኤዲኤችዲ ነው» አለች፤ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ማለት ነው። በዚያው ሳምንት አደራል የሚባል አነቃቂ መድኃኒት ታዘዘላት።

እውነት ለመናገር ረድቷታል። ማርኳ ተነሣ፣ መጽሐፍ መጨረስ ጀመረች። ግን ምሳ አትበላም፣ ከስታለች። መድኃኒቱ ከገበያ የጠፋ ጊዜማ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስዞር የከረምኩትን አልረሳውም። አሁን ደግሞ ድርጅቱ «ይህን ዓይነት መድኃኒት ማዘዝ አቁመናል» ብሎ ጻፈልኝ። የቀራት 12 ክኒን ነው። የሕፃናት ሐኪሟ ቢሮ «ዶክተሩ በአካል ሳያያት አያዝም» አለኝ። ቀጠሮው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

ባለቤቴ «እሰይ፣ ይለቅ፤ ኮሮና ያመጣው ነገር ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ቁጭ ብዬ መማር አልችልም ነበር፣ ማንም ክኒን አልሰጠኝም» ይላል። ለዘመድ ለወዳጅ አልነገርኩም። ባለፈው እሑድ ልጄን «ብትተይው ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ብዙ ቆይታ «ያለ ክኒኑ ማን እንደሆንኩ አላውቅም» አለችኝ። ያን ሌሊት ሥራ ላይ ሳለቅስ አደርኩ። በሽታ የሌለባትን ልጅ ነው አምስት ዓመት መድኃኒት ያበላሁት? ላስቁማት ወይስ ልቀጥል?

የጨነቃት እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና። ልጅሽን አልበደልሻትም። መምህሯ አሳዪያት አለች፣ አሳየሻት። ሐኪም መድኃኒት አዘዘ፣ ሰጠሻት። ሌሊቱን ቆማ ሠርታ ቀን የልጇን ኮምፒውተር ስትጠብቅ የምትውል እናት ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

ያኔ የሆነውን ግን ብታውቂው ትንሽ የሚቀልልሽ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ እንደ አደራል ያሉ መድኃኒቶች ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ መሠረት አንድ ሐኪም እነዚህን በኢንተርኔት ከማዘዙ በፊት ታካሚውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል ማየት ነበረበት። መጋቢት 2020 ላይ ይህ ግዴታ ላላ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ክሊኒክ ስለተዘጋ ብቻ መድኃኒቱ የሚቋረጥበት ሰው እንዳይኖር ነው። ፈቃዱ ወረርሽኙ ካበቃ በኋላም ደጋግሞ ተራዘመ። በዚሁ በር ግን የሚቸኩሉ ድርጅቶችም ገቡ። ሰኔ 2024 ላይ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የአንዱን ድርጅት መሥራች እስከ መክሰስ ደርሷል። የአንቺዋ ዶክተር እንደዚያ ነበረች ማለቴ አይደለም። አንቺ የገባሽበት በር ያኔ በሕግ የተከፈተ፣ ብዙ ሕዝብ የገባበት በር ነበር ማለቴ ነው።

ምን ያህል ሕዝብ? የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት (ሲዲሲ) በግል ኢንሹራንስ የሚታከሙ ሰዎችን አጥንቶ ነበር። በ2016 እነዚህን አነቃቂ መድኃኒቶች ከፋርማሲ የወሰዱት ከመቶ 3.6 ነበሩ፤ በ2021 ከመቶ 4.1 ሆኑ። ከ2020 ወደ 2021 በነበረው አንድ ዓመት ብቻ፣ ከ15 እስከ 44 ዓመት ባሉ ሴቶች መካከል የወሰዱት ድርሻ ከአሥር በመቶ በላይ ጨመረ። በ2022 በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉ የአሜሪካ ልጆች ሰባት ሚሊዮን ያህሉ በሆነ ጊዜ ኤዲኤችዲ ተብለዋል። ይህም በ2016 ከነበረው በአንድ ሚሊዮን ይበልጣል።

ባለቤትሽ ይህን ቁጥር ቢያይ «አላልኩሽም? ኮሮና ያመጣው ነው» ይል ይሆናል። እውነት ሊኖረው ይችላል። ግን ሌላም መልክ አለው። ወንድ ልጅ ወንበር ላይ ሲዘል መምህሩም ጎረቤቱም ያየዋል። ቁጭ ብላ በመስኮት የምታይ ሴት ልጅን ግን «ጨዋ ናት፣ ዝምተኛ ናት» ብለን እናልፋታለን። እኛ አገርማ ይህ ምስጋና ነው። የሴት ልጅ ኤዲኤችዲ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። አትረብሽም፤ ሐሳቧ ነው የሚሄደው። ኮሮና ክፍሉን አምጥቶ ወጥ ቤታችን ሲያስቀምጠው ብዙ እናቶች ልጃቸው እንዴት እንደምትማር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው አዩ። ስለዚህ ወረርሽኙ ተደብቆ የኖረውን ችግር አውጥቶ አሳይቶሽ ሊሆን ይችላል። የሌለውን አስመስሎም ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ የዋለ፣ እንቅልፉ የተዛባ፣ ጓደኛ ያጣ፣ የፈራ ልጅ ትኩረቱን ያጣል። ያዘነ ልጅም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በደብዳቤሽ መሐል «እናቴ አረፈች፣ ቀብሯን በስልክ ነው ያየነው» ብለሽ አለፍሽ። ደጋግሜ አነበብኩት። ለአንቺ እናትሽ ናት። ለልጅሽ ግን እስከ ስድስት ዓመቷ ያቀፈቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ፀጉሯን የሠራችላት ሰው ናት። መርዶው ሲመጣ ቤቱ በሰው አልተሞላም። ድንኳን የለ፣ ሦስት ቀን አብሮ የሚቀመጥ የለ፣ ንፍሮ ይዞ የሚመጣ የለ። አንቺም ያን ሳምንት ወደ ሥራ ተመልሰሽ ይሆናል። አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ትንሽዬ ስልክ ላይ የአያቷን ቀብር አየችና ከጥቂት ቀናት በኋላ «ካሜራሽን ክፈቺ» ተባለች። አምስት ወር አልፎ ቪዲዮ ላይ ስትቀርብ ያቺ ዶክተር ስለ አያቷ ጠይቃት ነበር? ትዝ ይልሻል? አንቺስ ነግረሻት ነበር? ይህን የምጠይቀው ልወቅስሽ አይደለም። አሁን ለሚያያት ሐኪም ይህን መጀመሪያ እንድትነግሪው ነው።

ኤዲኤችዲ ነው ለማለት ሐኪሞች የሚይዙት መመዘኛ አለ። ምልክቶቹ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት አለባቸው። ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው። ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው። በሌላ ነገር፣ በሐዘንም በጭንቀትም፣ የሚብራሩ መሆን የለባቸውም። ጥር 2021 ላይ የልጅሽ ቤትና ትምህርት ቤት አንድ ጠረጴዛ ነበሩ። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ በግማሽ ሰዓት መለየት ለማንም ከባድ ነው። ዶክተሯ ተሳስታለች አልልም። ልክ ብትሆንም የቸኮለች ይመስለኛል። ያልተሠራው ሥራ አሁን ሊሠራ ይችላል።

መልሱ ያለው ከኮሮና በፊት ነው። ከመጋቢት 2020 በፊት ያሉትን ሪፖርት ካርዶች ፈልጊያቸው። እኛ ሰዎች ወረቀት አንጥልም፤ አንዱ ሻንጣ ውስጥ አሉ። ማርኩን ተዪውና መምህሮቿ ከታች የጻፉትን አንብቢ። «ሥራዋን አትጨርስም»፣ «ደጋግሜ ማስታወስ አለብኝ»፣ «ብልህ ናት ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው» የሚል ነገር ከአንደኛና ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ካለ፣ ኮሮና አላመጣውም። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ምንም ከሌለ ደግሞ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። አዲስ አበባም ደውይ። እናትሽ ቤት አብሯት የነበረ እህት ወይም ጎረቤት ካለ ጠይቂ። ሱቅ ጨው ግዢ ተብላ ስትላክ ምን እንደተላከች ረስታ ትመለስ ነበር? ጫማዋን፣ ደብተሯን ትጥል ነበር? ተረት ሲነገር ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር? የሰማሽውን ጻፊው። ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ ሁላችንም ይጠፋናል።

አሁን ወደ 12ቱ ክኒን ልምጣ። ሰኞ ጠዋት የሕፃናት ሐኪሟ ቢሮ ደውይ። ቀጠሮ ብቻ አትጠይቂ። «ልጄ አምስት ዓመት የወሰደችው መድኃኒት በዚህ ቀን ያልቃል፣ ያዝላት የነበረው ድርጅት አቁሟል» ብለሽ ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው። ቀጠሮ የሚሰርዝ ሰው ካለ እንዲጠሩሽ ተመዝገቢ። ዶክተሩ እስከ ቀጠሮው የሚያደርስ ትንሽ ማዘዝ ይችል እንደሆነ፣ ወይም ሌላ ባልደረባ ቀድሞ ሊያያት ይችል እንደሆነ ጠይቂ። ኢንተርኔት ላይ ያከማትን ድርጅት ደግሞ የልጅሽን የሕክምና መዝገብ በሙሉ እንዲልክልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መብትሽ ነው። ድርጅቱ ጨርሶ ከመዘጋቱ በፊት አድርጊው።

እንግሊዝኛሽ የሚያስቸግርሽ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቂ። ልጅሽ እንዳታስተረጉምልሽ። ስለ ራሷ ሕመም እናቷና ሐኪሙ የሚነጋገሩትን እየተረጎመች ልቧ ያለውን መናገር አትችልም።

ማዘዣ ከተገኘ በኋላ ፋርማሲው «የለንም» ሊልሽ ይችላል። መድኃኒቱ የጠፋበትን ጊዜ አንቺው ታውቂዋለሽ። ጥቅምት 2022 ላይ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እጥረት መኖሩን በይፋ ያስታወቀ ጊዜ ስንት እናት በብርድ እንደተንከራተተች አስታውሳለሁ። ያኔ አንዱ ፋርማሲ «የለንም» ባለ ቁጥር ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ለሌላው ፋርማሲ አዲስ ማዘዣ ማስላክ ያስፈልግ ነበር። ከነሐሴ 2023 መጨረሻ ጀምሮ ግን አንድ ፋርማሲ ያልሰጠውን የኤሌክትሮኒክስ ማዘዣ አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ፋርማሲ ማስተላለፍ ተፈቅዷል። ብዙ ሰው አያውቀውም። «ትራንስፈር አድርጉልኝ» በያቸው።

ክኒኑ ቢያልቅስ? አደራልን ድንገት ማቆም ብዙውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። ለጥቂት ቀናት ግን ድካም፣ ብዙ እንቅልፍ፣ መከፋት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሌሊት ሥራ ስትሄጂ አባቷ ቤት ቢሆን ደስ ይለኛል። መከፋቱ ከከበደ፣ ተስፋ የመቁረጥ ነገር ከተናገረች ሐኪም ደውይ፤ ለጨነቀውና ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው የተዘጋጀው የ988 ስልክም ሌሊትም ቀንም ይነሳል። ይህን ያልኩት ለአደራል ነው። እንደ ጓንፋሲን ያሉ ሌሎች የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ የደም ግፊት ስለሚያሻቅቡ፣ ሌላ የሚወስድ ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች በራሳችሁ እንዳታቆሙ። አንቺም ክኒኑ እንዲቆይ ብለሽ ሐኪም ሳትጠይቂ ቀን እየዘለልሽ አትስጫት። ከሌላ ሰው ልጅ ክኒን አትበደሪ። ከኢንተርኔት ወይም ከሰው እጅ ደግሞ በፍጹም አትግዢ። አደራል መስሎ የተሠራ፣ ውስጡ ፈንታኒል የሚባል በጣም ኃይለኛ አደንዛዥ ያለበት ክኒን አሜሪካ ውስጥ ልጆች ገድሏል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ባለፉት አምስት ዓመታት ልጅሽን ማን መዘናት? የደም ግፊቷንና የልብ ምቷንስ ማን ለካ? ይህ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ሊያርቅ ይችላል፣ ግፊትና የልብ ምት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ቁመትንም ትንሽ ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው መለካት አለባት። በቪዲዮ ሚዛን ላይ አይወጣም። የሕፃናት ሐኪሙ «ሳላያት አላዝም» ማለቱ አንቺን ለማንገላታት አይመስለኝም፤ ቀድሞም መደረግ የነበረበት ነው። ክሳቷን ንገሪው። መጠኑን ሊቀንስ፣ ዓይነቱን ሊለውጥ ይችላል። አነቃቂ ያልሆኑ መድኃኒቶችም አሉ። ምሳ የማትበላ ከሆነ ክኒኑን ከመዋጧ በፊት ጠገብ ያለ ቁርስ፣ ማታ መድኃኒቱ ሲለቃት ደግሞ ሌላ ጥሩ ምግብ ስጫት። የምትጾም ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ከዚህ መድኃኒት ጋር ይከብዳታል። የንስሐ አባታችሁን አማክሪ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ታዝናለች።

ለባለቤትሽ ደግሞ እንዲህ ብትይው? እሱ የተናገረውን አንድ ቃል ይዘሽ ተነሺ። «እኔም ቁጭ ብዬ መማር አልችልም ነበር» ብሏል። ኤዲኤችዲ በቤተሰብ በብዛት የሚወረስ ነገር ነው። ይህን እንደ ክስ አታቅርቢለት፤ እንደዚያ ከሰማው በሩን ይዘጋል። «ያኔ እንዴት ነበር? መምህራኑ ምን ያደርጉህ ነበር? ከባድ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ምናልባት ተደብድቦ ይሆናል፣ ሰነፍ ተብሎ ይሆናል። አባት ልጁ ላይ ስም ሲለጠፍ ሲያይ የሚቆጣው ብዙ ጊዜ የራሱን ልጅነት አስታውሶ ነው። ከዚያ ቀጠሮው ላይ አብሮሽ እንዲመጣ ለምኚው። ጥርጣሬውን ራሱ ለሐኪሙ ይንገር። ጥርጣሬው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ሐኪሙ ፊት ነው።

ማቆሙ ይሻላል የሚለው ሐሳብም ቦታ አለው። ሐኪሞች መድኃኒቱ አሁንም እንደሚያስፈልግ ለማወቅ አንዳንዴ ለተወሰነ ጊዜ አቁመው ያያሉ። ይህ ግን ክኒን ስላለቀ የሚደረግ አይደለም። ቀን ተመርጦ፣ ፈተና በሌለበት ጊዜ፣ መምህሮቿ አውቀውት፣ እሷም ተስማምታ ነው። በ16 ዓመቷ መኪና መንዳት ጀምራ ከሆነ ወይም ልትጀምር ከሆነ እሱንም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ትኩረት ያጣ አሽከርካሪ አደጋ ላይ ነው። እስከዚያው ለትምህርት ቤቷ አማካሪ ጽፈሽ «504 ፕላን» ይታይልኝ በይ፤ ችግር ላለበት ተማሪ ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ የሚያዘጋጀው የድጋፍ ዕቅድ ነው። ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ ፊት ለፊት መቀመጫ፣ የቤት ሥራ በጽሑፍ ማግኘት ትችላለች። ይህ መድኃኒት ብትወስድም ባትወስድም ይጠቅማታል።

ወደ ልጅሽ ቃል ልመለስ። «ያለ ክኒኑ ማን እንደሆንኩ አላውቅም።» አንቺ እንደ ክስ ሰማሽው። እኔ ሳነበው ጥያቄ መሰለኝ። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ስለ እሷ ሰው ሁሉ ተናግሯል። መምህሯ ተናገረች፣ ዶክተሯ ተናገረች፣ አባቷ ተናገረ። እሷን የጠየቃት አንቺ ነሽ፣ ያውም ባለፈው እሑድ። ከዝምታዋ በኋላ መልስ የሰጠችሽ ስላመነችሽ ነው። አሁን «ልቀጥል ወይስ ላቁም» የሚለውን ለጊዜው ተዪውና ሌላ ጠይቂያት። ክኒኑን ስትውጪ ውስጥሽ ምን ይሰማሻል? ቅዳሜ ሳትወስጂ ስትቀሪስ? ስትወስጂ የምትወጂው ምንድን ነው፣ የሚጠፋብሽስ ነገር አለ? ሳቅ? ሥዕል? ረሃብ? መልሷን አትከራከሪ። ቀጠሮው ላይም ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ የሚያነጋግርበት ጊዜ እንዲሰጣት ጠይቂ። እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ አንቺን ከእሷ መለየት አይደለም።

እና ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በዚህ እሑድ፣ ቡና አፍዪ። ዕጣኑን አጭሺ፣ ስልኩን አርቂ። የእናትሽን ፎቶ አውጪ። ልጅሽ ስለ አያቷ ምን እንደምታስታውስ ጠይቂያት። ያ ቀብር በስልክ ሲታይ ምን ተሰምቷት እንደነበርም። ካለቀሰች አብረሻት አልቅሺ፤ ያኔ ያልተለቀሰው ነው። ስለ ክኒኑ በዚያ ቀን ምንም አታንሺ።

ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ጻፊልኝ።